ሳጥኑ ውስጥ ያለው ድምፄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ፤ ሳነብ አንዳንዴ መስመር እዘላለሁ። ሁለተኛ ጣቴን ከሥሩ እያስሄድኩ አነበብኩት። ሦስተኛ መነጽሬን ጠርጌ። አልተለወጠም።

«የድምፅ ሰጪዋ ንባብ ደካማና ዝግተኛ በመሆኑ ድምፁና ምስሉ ሊጣጣሙ አልቻሉም። በሌላ ድምፅ እንዲተካ እንጠይቃለን።»

ከሥሩ የምሕረት ስም አለ። ፊርማዋንም አውቀዋለሁ። ድምፅ ሰጪዋ ማለት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጣች። ድሮ በዚህ ቤት ወረቀት ቢወድቅ ለእኔ የድስት ማንሻ ነበር። ረስታ ነው። ማንበብ ያስተማረችኝ ራሷ ሆና፣ ማንበብ መቻሌን ረሳችው።

ምሕረት የሟች እህቴ ልጅ ናት። በአራት ዓመቷ ከአንኮበር አምጥቼ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካ ደሞዝ አሳደግኋት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ስትማር እሑድ እሑድ ፊደል አስቆጠረችኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ደሞዜን በአውራ ጣት ስፈርም ኖሬ ስሜን በእጄ የጻፍኩ ቀን፣ ያለቀሰችው እሷ ነች። እኔ አላለቀስኩም።

አሁን ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ሳጥን ትሠራለች። ትልቅ መጽሐፍ ያክላል። ስክሪን አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ባትሪው በፀሐይ ይሞላል። ስክሪኑ ፊደሉን እየጻፈ ያሳያል፤ ድምፁ ስሙን ይጠራል። ትምህርት ቤት ላልሄዱ ሴቶች ነው። ሦስቱ ለሙከራ ወጥተዋል፤ ሁለቱ አንኮበር፣ አንዱ አልዩ አምባ። በሦስቱም ውስጥ ያለው ድምፅ የእኔ ነው። «ራሷ ዘግይታ የተማረች ሴት ስታስተምራቸው አያፍሩም» ብላ የለመነችኝ እሷ ነች። ክፍሉ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን አርባ ቀን ጧት ጧት ቀዳን። «ለ» ብዬ «ለምድ»፣ «መ» ብዬ «መንገድ»። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

የፊታችን ሰኞ ስብሰባ አላቸው። ያን ቀን የጸደቀው ድምፅ ወደፊት በሚሠሩት ሳጥኖች ሁሉ ይገባል። የእኔ እንደሚሆን ለማኅበሬ ሴቶች ተናግሬያለሁ። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር።

ትናንት ራት ላይ ሽሮውን አመሰገነች። ሌላ ምንም አላለችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ወረቀቱን አጥፌ ስኒዋ ሥር አደረግሁት። ሻይ ልትጠጣ ስትል አየችው።

«እቴቴ፣ አነበብሽው?»

«በዝግታ» አልኳት።

ስኒውን መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። ሳጥኑ ርካሽ እንዲሆን ቺፑ ትንሽ ነው፣ ባትሪውም ትንሽ ነው። ማራገቢያ የለውም፤ ማራገቢያ ባትሪ ይጨርሳል፣ አቧራም ይስባል። ያው አንዱ ቺፕ ምስሉንም ድምፁንም ይጎትታል። «አንድ በሬ ላይ ሁለት ሞፈር የጫንን ያህል ነው» አለችኝ፣ እንዲገባኝ። ያለ ምሳሌም ይገባኝ ነበር።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቢሯቸው ውስጥ ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። አንኮበር ቤቶች ውስጥ ግን ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ምስሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ድምፁ «መ» ብሎ ሲጠራ ስክሪኑ ገና «ሐ»ን እየጻፈ ነው። ብርዱ ባትሪውን ያዘው ብለው ባትሪ ቀየሩ። ሜሞሪ ቀየሩ። ምንም። እነሱ ሄደው ሲያዩት ደግሞ ደኅና ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

«ታዲያ እኔ ምን በደልኩ?»

«ምንም። ግን አለቃችን እስከ ሰኞ ምክንያቱን አምጡ አለን። ሳጥኑ ራሱ ነው ብንል ሥራው ይቆማል። ድምፅ ግን ይቀየራል። እሱ ቀላል ነው።»

«እኔን መክሰስ ቀላል ነው» አልኳት።

ከዚያ የቀረውንም አወጣች።

ሌላዋን ባለ ድምፅ ባለፈው ሳምንት ቀድተው ጨርሰዋል። ለመስቀያ የሆኑት ብርድ ልብሶች የእኔ ናቸው። «ጓደኛዬ እንግዳ መጥቶባታል፣ ይበርዳቸዋል» ብላ ነው የወሰደችው። እኔም የተሻሉትን መርጬ፣ አራግፌ ሰጠኋት።

«ሪፖርቱን ገና አልላክሁትም» አለች ስትወጣ።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ልላት ፈልጌ ያላልኳት፦ ኩፍኝ ሲይዝሽ ያዘልኩሽ እኔ ነኝ። ሥራ ቀርቼ ተቀጥቻለሁ። ባል ሲጠይቀኝ ልጅ አለችኝ ብዬ የመለስኩት በአንቺ ምክንያት ነው። አላልኳትም። ውለታን የሚቆጥር ሰው ያስጠላኛል። ይኸው እዚህ ቆጠርኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

በለጡ ከአንኮበር ደወለች። አብረን እንጨት የለቀምን፣ አብረን የተገረፍን የአገሬ ልጅ ናት። አንዱ ሳጥን እሷ ቤት ነው።

«አንቺ አስካለ! ምን ዓይነት አስተማሪ ነሽ?» ብላ ጀመረች። ሰላምታም የለ።

ሦስተኛ ክፍል ያለች የልጅ ልጇ መጽሐፍ ዘርግታ፣ «አያቴ፣ እስቲ ይቺን ጥሪያት» አለቻት። በለጡም «ሐ»ን በጣቷ ይዛ «መ!» አለች፣ በኩራት። ልጅቷ መሬት ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። ጎረቤት ጠርታ ደግማ ሳቀች።

«እኔ አንቺ ያልሽኝን ነው ያልኩት። ሳጥኑ ውስጥ ያለሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አፍሽ ወዲህ፣ ጣትሽ ወዲያ!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ተይው አስካለ። ድሮም በዚህ ዕድሜ ፊደል ምን ሊያደርግልን። ካጠፋሁት ሁለት ቀኔ ነው።»

ይህ ከወረቀቱ ይበልጥ ወጋኝ። በለጡ እኮ የጀመረችው እኔን አምና ነው።

ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። አልዩ አምባ ለዘይነባ ደወልኩ። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ሳጥኑ የተሰጠ ዕለት ነው የተዋወቅነው። እሷም ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አለችኝ፣ «ወ ላይ ደርሻለሁ።»

«ምስሉ ወደ ኋላ አይቀርም?»

«ከምን ወደ ኋላ?»

የእሷ ደኅና ነው። ቆላ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ!

ቢያንስ አንድ ምስጋና ልሰማ ብዬ፣ «የላክሁልሽ ልብስስ? ልኩ ሆነ?» አልኳት። ለሦስቱም ሳጥኖች ልብስ ሠርቼላቸው ነበር። ላዩ ዳንቴል ነው፣ ውስጡ የሱፍ ገበር፣ ከብርድ ልብስ ቁራጭ። ፊቱ ብቻ ክፍት፣ ስክሪኑ እንዲታይ። በእኛ ቤት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ራቁቱን አይቀመጥም፤ ለአንኮበር ጉም ደግሞ ዳንቴል ብቻውን አይበቃም ብዬ ነው ገበር ያስገባሁበት። ለምሕረት አልነገርኳትም። አንድ ቀን እዚያ ሄዳ አይታ እንድትደነቅ ነበር። በለጡ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ በእጇ ሰጠኋት፤ የዘይነባንና የሌላዋንም አደረሰችላቸው።

ዘይነባ ሳቀች። «አስካለ፣ አትቀየሚኝ። በዚህ ሙቀት ሳጥን ካፖርት ይለብሳል እንዴ? ተርትሬ ለልጄ ልጅ ኮፍያ አደረግሁት። ወላሂ አምሮበታል።»

ተቀየምኩ። ቻው እንኳ ሳልል ዘጋሁት። ዳንቴሉ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ሽንኩርት ስልጥ እጄ ቆመ። ደኅና የሆነው ያልለበሰው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ምሕረት ክፍል ውስጥ ለሙከራ የተሠራ አሮጌ ሳጥን አለ። ስትወጣ ጠብቄ አወጣሁት። ከተረፈኝ ሱፍ ልብስ ቢጤ ሰፍቼ አለበስኩትና የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ጻፍኩ።

ሦስት ሰዓት። አበራሁት። ድምፄን ሰማሁት። ወፍራም ነው፤ በማሽን ጩኸት ላይ መናገር የለመደ ሰው ድምፅ።

ሦስት ከሩብ። ድምፁና ፊደሉ አብረው ናቸው።

ሦስት ከሃያ አምስት። እጄን በልብሱ ሥር አስገብቼ ጀርባውን ነካሁት። የትኩሳታም ልጅ ግንባር።

ሦስት ተኩል አለፍ ሲል። እኔ «ረ» እላለሁ፤ እሱ «ሠ»ን እየጻፈ ነው።

አወለቅሁለት። ሻይ አፍልቼ እስክጠጣ በረደና ተስተካከለ። መልሼ አለበስኩት፤ መልሶ ደከመ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ከጎኑና ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች የደፈንኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በኪሮሽ።

አንድ ነገር ቀረኝና ለበለጡ ደወልኩ።

«ባለሙያዎቹ ሲመጡ ልብሱን ታወልቂዋለሽ?»

«ታዲያስ! ጥቀርሻ የነካው ነገር ለእንግዳ ላሳይ? ሌላዋም ባለ ሳጥን እንደኔው ናት።»

ለዚህ ነው ሲሄዱ ደኅና ሆኖ የሚጠብቃቸው። ያን ሁሉ ባትሪ ሲቀያይሩ በለጡ ልብሱን አጣጥፋ ትራስ ሥር ሸሽጋዋለች።

ለምሕረት አልነገርኳትም። ከቢሮ መጣች፣ ድንች ልጣ አብራኝ ሠራች፣ አልነገርኳትም። ብነግራት እንዲህ ይላሉ፦ አሮጊቷ ካፖርት አልብሳ አፈነችው። ደካማ አንባቢ ላይ መሃይም ይጨመርልኛል። ካልነገርኳት ደግሞ ድምፄ ይወጣል፣ ሌላዋ ትገባለች፣ ሳጥኑም ልብስ በለበሰ ቁጥር መሳሳቱን ይቀጥላል፣ ያን ጊዜ በእኔ ያሳበበችው ታፍራለች። መጥፎ ነገር ነው፤ ግን ይህን ማሰቡ ትንሽ ጣፈጠኝ። ሌላ ሰው የማያነበው ደብተር ነው፣ ልጻፈው።

በለጡ ግን «ሐ»ን «መ» እያለች ልትሞት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም። አስቀድሼ ተመለስኩ። እስከ ቤት ድረስ ንግግሬን ሳዘጋጅ መጣሁ፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ሳጥኑን ልብሱን እንደለበሰ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አበራሁት። «ተቀመጪና እዪ» አልኳት።

ግማሽ ሰዓት አብረን ተቀመጥን። ፊደሉ ወደ ኋላ ሲቀር እጇን ጀርባው ላይ አደረገችና ቶሎ አነሳችው። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ቺፑ ሲግል ራሱን እንዳያቃጥል ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛ ቢሮ ውስጥ ራቁቱን ነው የሞከርነው። ያለብሱታል ብሎ ያሰበ የለም።»

«ሁላችሁም ከቤት አይደል የመጣችሁት? እናቶቻችሁ ቴሌቪዥን አያለብሱም?»

«እቴቴ፣ ልብስ ሠራሁ ለምን አላልሽኝም?»

«አንቺስ ድምፅሽን ቀየርኩት ለምን አላልሽኝም?»

ከዚያ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ «በይ እንግዲህ ያን ወረቀት ቅደጂው» አልኳት።

አቀረቀረች። «ሄዷል።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ረቡዕ ዓይን ለዓይን ተያይተን ተነጋግረናል። ሐሙስ ላከችው።

የመጀመሪያውን በፍርሃት አደረገችው፤ አለቃ ያስፈራል፣ እኔም አለቃ ነበረኝ። ሁለተኛውን ግን ፊቴን አይታ ነው ያደረገችው። ለዚህ ምክንያት ብፈልግላት አጣሁ። ራት አልሠራሁም። እሷም አልጠየቀች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ስለተባለ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ አንኮበር ሄድን። የሄድኩት ለበለጡ ነው፤ ለምሕረት አይደለም። በመስኮት በኩል ተቀመጥኩና ገደሉን ሳይ ሄድኩ።

በለጡን ጓሮ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱንም፣ ልብሱንም። ልብሱን ማውለቅ ግን አልፈቀደችም።

«በዚህ ብርድ? ሳል ይይዘዋል!»

«የሚያስለው ለብሶ ነው አልኩሽ።»

«ሰው እንዴት ለብሶ ይታመማል?»

«ሰው አይደለም፣ በለጡ!»

«ታዲያ ለምን በሰው ድምፅ ያወራል?»

ምሕረት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም። በግድ አወለቅነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በራ። ምሕረት በየጊዜው ሙቀቱን በመሣሪያ እየለካች ትጽፋለች። አንድም ጊዜ አልዘገየም። በለጡ ከሳጥኑ ጋር እየጮኸች ጠራች፤ «ሐ» ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «እስቲ ያቺ ልጅ አሁን ትምጣ» አለች።

ከዚያ ምሕረት፣ «የበለጡን ብናወልቅ ሌላዋ በነጠላ ትሸፍነዋለች። ሰው የወደደውን ነገር ይሸፍናል፤ መቻል ያለበት ሳጥኑ ነው» አለች። ጀርባውን ሙቀት በሚያወጣ ብረት እንሠራዋለን፣ ቀዳዳዎቹን ከሥር አድርገን እግር እንሰጠዋለን አለች። ለእኔ ነው ወይስ ለራሷ የምታወራው፣ አልገባኝም።

ዝም ልላት ነበር። አልቻልኩም።

«ይድከም። ቢደክም ምን አለ? ድምፁ ለምን ምስሉን ጥሎት ይሄዳል? ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲበጠስ የሽመና ማሽኑ ራሱ ይቆም ነበር። ቀጥለሽው ነው የሚነሳው። ዝም ብሎ ቢሄድ የሚወጣው ቀዳዳ ያለበት ብርድ ልብስ ነው።»

ምሕረት እስኪርቢቶዋን ይዛ ቀረች። «ድምፁ ምስሉን ይጠብቀው ነው የምትይው? ቢዘገዩም አብረው እንዲዘገዩ?»

«እኔ የማውቀው ክር ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ማንም የተሳሳተ ፊደል አይማርም» አለች በቀስታ። «እኛ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብለን ነው የለቀቅነው።» ጻፈችው። ረጅም ጻፈች።

በለጡ አፏን መያዝ የማትችል ሴት ናት። «ታዲያ ደካማ የተባለችው የትኛዋ ናት?» አለች፣ ጣሪያውን እያየች።

ምሕረት አንገቷን ደፋች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ስብሰባው ጧት ሦስት ሰዓት ነው። እስከ ስድስት የሠራሁት፦ ምስር ለቀምኩ። የለቀምኩትን ደግሜ ለቀምኩ። በር ጠረግሁ። ስልኬ ሞልቶ እንደሆነ አየሁ። ሞልቷል።

ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ።

ተነሥታ፣ «ንባቧ ደካማ ነው ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ ያገኘችውም እሷ ነች» አለቻቸው። አለቃዋ፣ «ታዲያ ለምን ፈረምሽ?» አላት። «ፈርቼ» አለችው። አዲሱን ወረቀት አሳየችኝ። አነበብኩት። ሐሰት የሚለው ቃል አለበት፤ ስሜም አለበት፣ ከነአባቴ። ከሥሩ ፊርማዋ።

ሳጥኑ አልቆመም። ጀርባው ይቀየራል፣ ድምፁም ምስሉን እንዲጠብቅ ይደረጋል። የእኔ ነገር ግን አልጸደቀም። ሁለቱም ድምፆች ለሦስቱ ቤቶች ይሰጡና ሴቶቹ ይምረጡ ተብሏል።

የሌላዋን ልጅ ድምፅ አሰሚኝ አልኳት። አሰማችኝ። ጥርት ያለ ነው። እንከን ፈለግሁለት፣ አላገኘሁም። በለጡ እንኳ ለእኔ ብላ ትመርጠኛለች፤ ዘይነባ ግን ይሉኝታ የላትም፣ ካፖርቴን ተርትራለች። ልሸነፍ እችላለሁ። ልሸነፍ እንደምችል ማሰብ ያማል፤ ግን ይህ ሕመም ሌላ ነው፣ ቀና ብዬ የምሸከመው ነው።

ምሕረት አሁንም በሩ ላይ ናት። አንድ እግሯ ውጭ ነው። ልትገባ ይሁን፣ ወደ ጓደኛዋ ልትሄድ ይሁን፣ ራሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

«እቴቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ፈለግሁ። አፌ አልታዘዘኝም። ሐሙስ የሚባለው ቀን መሐላችን ቆሟል፤ መቼ እንደሚነሳ አላውቅም።

«ብርዱ ይገባል፣ በሩን ዝጊው» አልኳት።

ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከውስጥ ሆና ዘጋችው።